የበሽርን ስም ለመመለስ የተሄደ መንገድ

ደብረ ብርሃን ያሉ ዘመዶቼ ቆላ ማለት ሸዋ ሮቢት ይመስላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር የሚያውቁት በሬዲዮ ብቻ ነው። አሶሳ ደርሼ መጣሁ ስላቸው ታላቅ ወንድሜ «ሱዳን ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» አለኝ። እነሱ መቼም አይሄዱበትምና ያየሁትን እንዳየሁት ልንገራቸው ብዬ ይህን ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ለእነሱ ብቻ ብዬ አይደለም። በዚህ ጉዞ በገዛ እጄ ያጠፋሁትን ነገር አይቻለሁ፤ እሱንም ሳልደብቅ ማስቀመጥ ፈልጌያለሁ።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ማለዳ ነው። መኪናዋ ውስጥ ሦስት ነን፦ ዶክተር ጥላዬ የሚባሉ የነርቭ ሐኪም፣ ሾፌራችን ገመቹ፣ እና በሥጋ ደዌ መከላከያ አገልግሎት አሥራ ስምንት ዓመት የሠራሁት ነርስ እኔ። ያስነሳን ከአሶሳ የመጣ ደብዳቤ ነው። ክልሉ ገና መቋቋሙ ስለሆነ ጤና ቢሮውም አዲስ ነው። ደብዳቤው እንደሚለው አንድ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ክኒኑን አንድ ቀን ሳያጓድል ውጦ ጨርሷል፤ እጁ ግን ከመዳን ይልቅ እየሰለለ፣ አሁን ደግሞ ግራ እግሩ እየገተረ ሄዷል። ዶክተር ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና «ይህን ሰውዬ ራሴ ማየት አለብኝ» አሉ።

የሕመምተኛው ስም በሽር ነው። አውቀዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት በዘመቻ ሄጄ መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ መንገዱን የጀመርኩት ትንሽ አኩርፌ ነው። ሥጋ ደዌ ሳይ የኖርኩ ሰው፣ በሩቅ አይቼ የምለይ፣ አሁን ሌላ ሊያርመኝ ነው እንዴ ብዬ እስከ አምቦ ድረስ በአጭር በአጭሩ ነበር የምመልስላቸው። ዶክተር ወይ አልገባቸውም ወይ ገብቷቸው ተዉኝ። አምቦ ላይ ጠበል የሚመስለውን ውሃ ገዝተው አንዱን ጠርሙስ ሰጡኝና ታረቅን።

ከባኮ በኋላ አገሩ ይለወጣል። በእኛ አገር በየካቲት ሣሩ ገለባ ሆኖ፣ በጉ ድንጋይ የሚልስ ይመስላል። እዚህ ግን ዛፉ ከነልምላሜው ነው። ነቀምቴ የገባነው ጀምበር ሳትጠልቅ ሲሆን፣ ያረፍንበት ሆቴል ባለቤት አቧራችንን አይተው ምንም ሳንጠይቅ አንድ በርሜል ሙቅ ውሃ አዘጋጁልን። ደብረ ብርሃን ቢሆን ለእንግዳ መጀመሪያ የሚቀርበው እሳት ነው።

ረቡዕ

ጊምቢን አልፈን ወደ ነጆ ስንሄድ ጎማ ፈነዳ። ገመቹ እየሳቀ ወርዶ ቅያሪውን ሲያወጣ እሱም ትንፋሽ የለውም። ሳቁ እዚያው ቀረ። በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሁለቱንም ጎማ ይዞ ወደ ከተማ ሄደ፤ እኔና ዶክተር መንገድ ዳር ቀረን።

ብዙም አልቆየንም፤ ከመንገዱ በላይ ካለ ቤት አንዲት ሴት ወርደው በጥላ እንድንቀመጥ ጠሩን። አዴ ጫልቱ ይባላሉ። አንጮቴ ቀቅለው፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ለውሰው አቀረቡልን። ለማያውቁት ወገኖቼ፦ አንጮቴ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ነው፤ ድንች ነው ብላችሁ ብትጀምሩ ድንች አለመሆኑ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ይገባችኋል። ምን ሠራተኞች እንደሆንን ጠየቁን። ሥጋ ደዌ ስላቸው፣ ብዙ ቤት ውስጥ እንዳየሁት ሳህኑን ራቅ ያደርጉ ይሆን ብዬ እጃቸውን አየሁ። እሳቸው ግን ተጨማሪ ቅቤ ጨመሩበትና «ታዲያ ለእነዚያ ሰዎች የሚሄድላቸው ተገኘ?» አሉ። ደግ ሴት ናቸው። እኔ ግን ቃላቸውን እንደ ምስጋና ወስጄ ደስ አለኝ፤ በኋላ ሳስበው አፍሬበታለሁ።

ገመቹ የተመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው። አዴ ጫልቱ ለመንገድ ብለው የቀረውን አንጮቴ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው አሲያዙን። መንዲ አደርን።

ሐሙስ

ዳቡስን ስንሻገር ዶክተር መኪናውን አስቁመው ወረዱ። እኔም ወረድኩ። ከወንዙ ማዶ ጀምሮ ኮረብታው ሁሉ ሽመል፣ የቆላ ቀርከሃ ነው። በእኛ አገር ሽመል ማለት ሽማግሌ የሚመረኮዘው አንድ ዱላ ነው፤ ገበያ ሄደው መርጠው ይገዙታል። እዚህ አገር ሙሉ ነው። ነፋሱ ሲነካው ሁሉም ባንድ ላይ ያዘነብልና ባንድ ላይ ይመለሳል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንባዬ መጣ። ገመቹ «ሲስተር አቧራ ገባባት» ብሎ ቀለደብኝ።

ባምባሲ ላይ ሻይ ያፈላልን ሰው በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ነው። አነጋገሩ ገና ከደሴ አልወጣም። ብርድ ይናፍቅህ እንደሆን ብዬ ብጠይቀው፣ ልጆቹ ብርድ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ የሚያወራው ሰው እንዳጣ ነገረኝ።

አሶሳ የአዲስ ክልል ዋና ከተማ መሆኗ ገና ለራሷም የገባት አትመስልም። የጤና ቢሮው ሰሌዳ ቀለሙ አልደረቀም። ወንበር ስላልመጣ ሠራተኞቹ ፋይላቸውን ይዘው ማንጎ ጥላ ሥር፣ አንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ። እኔ አዲስ አበባ ባለ መሳቢያ ጠረጴዛ ይዤ ከምሠራው በላይ ሲሠሩ አየሁ። ደብዳቤውን የጻፈው የቢሮው ሰው ቀይ የከርከዴ ሻይ አስቀርቦ ስለ በሽር ያለውን ሁሉ ነገረን።

በሽር የዙምባራ ነፊ ነበር። ዙምባራ ቅል ከቅል እየተገጠመ የሚሠራ፣ የዚያ አገር ሰዎች የበርታዎች ረጅም መለከት ነው። ትልቅም ትንሽም አለው፤ የሚገርመው ግን አንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ መሆኑ ነው። ብቻውን ዜማ መንፋት የሚችል ሰው የለም። እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በተራው ሲያስገባ ነው ዜማው የሚሞላው። በሽር ሥጋ ደዌ አለበት ከተባለበት ቀን ጀምሮ ግን የእሱን መለከት አፉ ላይ የሚያደርግ ጠፋ። መለከቱ አለቃቸው ቤት ተሰቅሏል፤ መንደሩም ሦስት ዓመት ሙሉ የሚጫወተው አንድ ድምፅ እየጎደለው ነው። በሽር የሚበላውም ለብቻው ነው አለን። ይህን ሲናገር እኔን አላየኝም፤ ጨዋ ሰው ነው።

ዓርብ

መንደሩ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በሽር በራፉ ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። ቀጭን፣ ትከሻው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የሰጠሁት ክኒን ቆዳውን አጥቁሮታል። ጣቶቹ ታጥፈዋል፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለው ሥጋ ጎድጉዷል፣ መዳፉ የቃጠሎ ጠባሳ ነው። ሚስቱ አስያ ውሃ ሰጠችን። የእሱ ጣሳ ለብቻው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ሰው ሲኖር ለብቻው እንደሚበላ፣ ሰው ሲሄድ ግን ከእሷ ጋር ከአንድ ሳህን እንደሚበሉ በኋላ ነገረችኝ።

ዱሮ እጁ የመንደሩ መደነቂያ ነበር። የገንፎውን ድስት ከእሳት ላይ በባዶ እጁ ያወርድ ስለነበር፣ እሳት የማይነካው ይሉት ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ሲያወሩ ሰምቼ ነው ያስጠራሁት። እጁን በመርፌ ወጋሁት፤ አልተሰማውም። መዘገብኩት።

ዶክተር አስያን ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ውሃ አስመጡ፣ አንዱን ከማንቆርቆሪያው የተቀዳ ሙቅ፣ አንዱን ከእንስራው ቀዝቃዛ። የበሽርን ዓይን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ዶክተር ሙቁን ክንዱ ላይ አስነኩትና ምን እንደሆነ ጠየቁት።

«ጠርሙስ» አለ በሽር።

ሙቅ ነው ወይስ ቀዝቃዛ ቢሉት፣ ጥቂት አሰበና «ጠርሙስ ነው» ብሎ ደገመ። ቀዝቃዛውንም እንዲሁ። ከጣቱ እስከ ትከሻው፣ ከትከሻው እስከ ጀርባው፣ ነጠላ ሲደርቡ የሚሸፍነውን ቦታ ሁሉ ሙቅና ቀዝቃዛ አንድ ሆነውበታል። ከደረቱ በታች ግን ለየ።

ከዚያ ዶክተር እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ጥጥ ጠየቁኝ። ትንሽ ቆንጥረው በጣታቸው ሳቡት፤ ክር እስኪመስል ቀጠነ። በሽር ሲሰማው «አሁን» እንዲል ነገሩት፤ እዚያው የተቃጠለ መዳፉ ላይ አስነኩት።

«አሁን» አለ። ጣቱ ጫፍ ላይ አስነኩት። «አሁን።» አንዲት የጥጥ ጭረት፣ እኔ በዓይኔ በጭንቅ የማያትን፣ ክንዱ ላይ ጣሏት። «አሁን።»

ሥጋ ደዌ የያዘው እጅ ጥጥ አይሰማውም። እኛ ተማሪዎቻችንን የምናስተምረው የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ጥጥ፣ ከዚያ መርፌ። ያን ቀን ግን ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ጥጤ አልቆ ነበር፣ መርፌዋ ትበቃለች ብዬ ቀጠልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ስም ነበር።

ዶክተር ክርኑን ዳሰሱ፤ በሥጋ ደዌ የሚያብጠው ጅማት አላበጠም። ቆዳው ላይ ቡግር የለ፣ ነጭ ነገር የለ። ጉልበቱን በመዶሻቸው ቢነኩት እግሩ ከፊቱ ያለውን ወንበር እስኪመታ ተወረወረ። ሳል ሲሉት ሳለ፤ ወዲያው እጁ ወደ ማጅራቱ ሄደ። ሌላ ጊዜስ መቼ ያምሃል ቢሉት፣ «ዙምባራ ስነፋ። እዚህ፣ እንደ መጥረቢያ» አለ።

ዶክተር ተነሥተው ከአጥሩ አንድ ሽመል መዘዙ። በሽር፣ አስያ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከበባቸው። የእናንተ ሽመል ሲቆረጥ ውስጡ ድፍን ነው፣ የደጋው ቀርከሃ ግን ባዶ ነው አሏቸው። አከርካሪያችን ውስጥ ከአንጎል የሚወርድ ትንሽ ጣት የማያህል ገመድ አለ፤ እሱም እንደዚህ አገር ሽመል ድፍን መሆን አለበት። በዙሪያው እንደ ምንጭ የጠራ ውሃ ከጭንቅላት ይወርዳል፣ ተመልሶም ይወጣል፣ ልብ በመታች ቁጥር ይንቀሳቀሳል። በበሽር ግን የአንጎሉ ግርጌ ማጅራቱ ላይ ያለውን በር ወትፎት፣ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ገመዱ መሃል ሰርጎ ቀስ በቀስ እንደ ደጋው ቀርከሃ ቦርቡሮታል። የእሳትና የሕመም ክሮች የሚሻገሩት በመሃል ስለሆነ መጀመሪያ የሚበጠሱት እነሱ ናቸው። የጥጡ ክር በጀርባው በኩል ስለሚሄድ ተርፏል።

አሥራ ስምንት ዓመት ነርስ ሆኜ ይህን አልፎ አልፎ አንብቤው ይሆናል። በዚያች በራፍ ላይ ሲነገር ግን ሰውነቴን ነዘረኝ። በዚያች ቀጭን ገመድ ውስጥ ለእሳት አንድ መንገድ፣ ለጥጥ ሌላ መንገድ የሠራ አምላክ ምን ዓይነት ባለሙያ ነው! አንድ ሽማግሌ ሽመሉን ተቀብለው ጫፉን በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱ። እኔም ተቀብያቸው ዳሰስኩት።

ዶክተር ምንም አልሸፋፈኑም። እርግጠኛ ለመሆን አዲስ አበባ ሄዶ፣ ወገቡ ላይ መድኃኒት ተወግቶ ራጅ መነሳት አለበት። ከዚያ ማጅራቱ ላይ በሩን በቀዶ ጥገና ማስፋት ይቻላል። የሰለለው ጡንቻ ላይመለስ ይችላል፤ እንዳይብስ ማድረግ ግን ይቻል ይሆናል፣ ከዘገየ እግሩም ይሰልላል። መለከት መንፋት ግን ከእንግዲህ ክልክል ነው። ቅዳሜ መኪናው ስለሚመለስ አብሮን እንዲሄድ ጠየቁት።

በሽር መልስ ሳይሰጥ እኔ ተናገርኩ። ሥጋ ደዌ እንዳልነበረበት፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ያን ቀን ጥጥ እንዳለቀብኝ ነገርኳቸው። አስያ ተነሥታ ገባች። ስትመለስ አንድ ቁና ሙሉ ጥጥ ይዛ መጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ጥጥ እኛ ጓሮ ሞልቷል» አለችኝ። «አንተ ብትጠይቅ ምን ነበረ?»

በዚያ አገር አማርኛ ሴትንም አንተ ይላሉ፤ ንቀት የለበትም። ጥጥ በሚፈተልበት መንደር ጥጥ አለቀብኝ ብዬ ሰው ያጠፋሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በሽር ግን አልተቆጣም። ያኔ ስሙን የት እንዳነበብኩት አስታወሰኝ። ገበያው መሃል ቆሜ፣ በድምፅ ማጉያ፣ ክኒን የሚወስዱትን በስም ጠርቼ ነበር።

«ቃሉን ገበያ ጣልክ» አለኝ። «ቤት ውስጥ ብታነሳ ማን ያያል? የጣልክበት ቦታ ሂድ፣ አንሳ። ሰው ከተቀበለ እኔ ከናንተ ጋር እሄዳለሁ። ካልተቀበለ በዚህ ስም ከአገሬ አልወጣም። አስያ ከዚህ ስም ጋር እዚህ ይቀራል።»

ዶክተር ስለ እግሩ ደግመው ሊያስረዱት ሞከሩ። ሰማቸው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሐሳቡን አልቀየረም። አስያ ገንፎና የባሚያ ወጥ አቀረበች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት የባሏን ጣሳ ከእኛ ጣሳ ጋር ደረደረችው።

ቅዳሜ

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። አፋፍ የደረሰ ነገር እንዴት እንደሚመለስ ግን አይናገርም። ገበያው ላይ ስደርስ ያኔ የቆምኩበት ቦታ ቆምኩ። የመለከተኞቹ አለቃ ሼህ አልሀሰን ሰውን ሰብስበው፣ እኔ በአማርኛ ስናገር እሳቸው በበርታ ቋንቋ ተረጎሙልኝ። አጭር ነበር የተናገርኩት። በሽር ሥጋ ደዌ የለበትም፣ ኖሮትም አያውቅም፤ ቢኖርበትም እንኳ ክኒን ከጀመረ በሽታው ወደ ሰው አይጋባም ነበር፣ ያኔ ይህንንም ሳልነግራችሁ ሄድኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ።

ከዚያ ኢብራሂም የሚባል ጨው ነጋዴ ተነሣ። የበሽር የቅርብ ጎረቤት ነው፤ ያኔ ከበሽር ለመራቅ ምንጣፉን ከአጠገቡ መጀመሪያ ያነሣው እሱ እንደነበር ሰምቻለሁ።

«አንተ ሥጋ ደዌ ነው አልክ፣ አመንን» አለኝ። «ዛሬ አይደለም ትላለህ። ወላሂ፣ የትኛውን አፍህን እንመን?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። የእኔን አፍ እንዳያምን ነገርኩት። ጥጥ ከምትሸጥ ሴት አንድ ቁንጥር ለመንኩና ለራሱ ለኢብራሂም ሰጠሁት። የበሽርን ዓይን በነጠላ ሸፈንን። ሥጋ ደዌ የበላው እጅ ይህን እንደማይሰማ ሼህ አልሀሰን ለሰዉ አስረዱ። በሽር የተቃጠሉ እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ።

ኢብራሂም መጀመሪያ ቀኙን ነካ። በሽር «አሁን» አለ። ግራውን። «አሁን።» ከዚያ ኢብራሂም ጥጡን ወደ መዳፉ አስጠግቶ ሳይነካው በአየር ላይ ያዘው። ገበያው ሁሉ አየ። በሽር ዝም አለ። ኢብራሂምም ጠበቀ። ብዙ ከቆየ በኋላ በትንሹ ጣት ጫፍ ላይ፣ ዝንብ እንኳ ከዚያ ይከብዳል፣ አስነካው።

«አሁን» አለ በሽር።

ሼህ አልሀሰን መለከቶቹን አስመጡ። የበሽር ዙምባራ አፉን ተርብ በጭቃ ደፍኖበታል። በሽር ራሱ ተቀብሎ፣ በማይታዘዙት ጣቶቹ፣ ጭቃውን እየፈረፈረ ጠረገው። ነፊዎቹ በክብ ቆሙ። እሱ ግን ወደ ቦታው አልገባም። እንደማይነፋ ያውቃል። መለከቱን በሁለት መዳፉ ላይ አጋድሞ ከፊቱ ዘረጋውና ቆመ።

አስያ አጠገቤ ነበረች፤ ክንዴን ይዛ ነበር፣ ጣቶቿ አሳመሙኝ።

ወደ ፊት የመጣው ኢብራሂም ነው። ጥጡን ኪሱ ከተተ። መለከቱን ተቀበለ። አልጠረገውም፣ በጋቢው አልነካካውም፤ የበሽር ከንፈር የነበረበት ላይ ከንፈሩን አደረገና ነፋ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ወፍራም፣ ሰፊ ድምፅ ወጣ። ሌሎቹ እየተቀባበሉት ገቡ፣ እግር መሬት መምታት ጀመረ። ዜማው ሲዞር፣ ሦስት ዓመት ጎድሎ የነበረው ቦታ በደረሰ ቁጥር ያ ድምፅ እየገባ ይሞላዋል። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ደብረ ብርሃን በጥምቀትም፣ በሠርግም ብዙ እልልታ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ምድር ከእግሬ ሥር የተንቀሳቀሰብኝ ጊዜ የለም።

በሽር ዳር ቆሞ አንድ ዙር ሙሉ አዳመጠ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«መኪናው የት ነው?» አለኝ።